ዊልያም ጄምስና የትኩረት ልምምድ

ሰው ሁሉ ከሚሸሽበት ቦታ የሚገባ ሙያ አለ። እሳት በተነሣ ጊዜ ነዋሪው ልጁን አዝሎ፣ ንብረቱን ጥሎ ሲወጣ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው በዚያው በር ይገባል። በሥጋው ላይ የሚደርሰው አደጋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የራስ ቁሩም ሆነ የመተንፈሻ መሣሪያው የተሠሩት ቃጠሎውን፣ ጢሱንና የሚደረመሰውን ጣሪያ ለመከላከል ነው። በአእምሮው ላይ የሚደርሰው ግን ለረጅም ዘመን የጋራ ስም እንኳ አልነበረውም። እሳቱ ከጠፋ ከወራት በኋላ በሕልም የሚመለሰው ጩኸት፣ በድንገተኛ ድምፅ የሚርበተበተው ልብ፣ ከቤተሰብ መካከል ተቀምጦ ብቸኛ መሆን፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ድክመት ወይም እንደ ጠባይ ለውጥ ይቈጠሩ ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመሙን ድኅረ አደጋ የአእምሮ ጭንቀት በሚል ትርጉም ከበሽታዎች መዝገብ ያገባው በ1980 ነው።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ሕመሙ እስኪመጣ ጠብቆ ከማከም ይልቅ አስቀድሞ መከላከል ይቻላልን? ከቀረቡት መልሶች አንዱ የትኩረት ልምምድ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ወደ እሳት ከመሄዱ በፊት፣ የሸፈተ ሐሳቡን በፈቃዱ መመለስን እንዲለማመድ ማድረግ ነው። ሐሳቡ አዲስ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሲፈለግ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ወስዶ ከአንድ ሰው ዘንድ ያደርሳል። ይህም ሰው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ትምህርትን የመሠረተው ዊልያም ጄምስ ነው። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዊልያም ጄምስ በኒው ዮርክ ከተማ ጥር 11 ቀን 1842 ተወለደ። ለአምስት ልጆች በኵር ነበር። ወደ ቤተሰቡ ታሪክ እሳት የገባው ግን እርሱ ከመወለዱ በፊት ነው። አባቱ ትልቁ ሄንሪ ጄምስ የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በኦልባኒ ከተማ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር በሞቀ አየር የሚነሣ ፊኛ ሲያበርሩ፣ በተርፔንታይን የተነከረ የሚነድ ኳስ ከአንድ የፈረሶች በረት ውስጥ ወደቀ። ልጁ እሳቱን ረግጦ ሊያጠፋ ሮጦ ገባ። ልብሱም ተርፔንታይን ፈስሶበት ነበርና እሳቱ እግሩን በላው። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቈረጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሁሉ በእንጨት እግር ሄደ።

ይኸው አባት በ1844 በእንግሊዝ አገር በዊንድሰር ከተማ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ነገር ደረሰበት። አንድ ቀን ከምግብ በኋላ ቤተሰቡ ተነሥቶ እርሱ ብቻውን የምድጃውን ፍም እየተመለከተ ሲቀመጥ፣ ምክንያት የሌለው ብርቱ ፍርሃት በድንገት ወደቀበት። ጤናማ፣ ሀብታምና ደስተኛ የነበረ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ሕፃን ረዳት የሚሻ ሆነ። ከዚህ ሁኔታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ያህል ፈጀበት። ዊልያም በዚያን ጊዜ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረ።

አባት ልጆቹን በአንድ አገር ትምህርት ብቻ ማሳደግ አልወደደም። ስለዚህ ዊልያም በኒው ዮርክ፣ በጄኔቭ፣ በፓሪስ፣ በቡሎኝና በቦን ተማረ። በ18 ዓመቱ ሠዓሊ ልሁን ብሎ በኒውፖርት ከተማ በሠዓሊው በዊልያም ሞሪስ ሀንት ዘንድ ሥዕል ጀመረ፤ ብዙ ሳይቈይም ተወው። በ1861 በዚያችው በኒውፖርት ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ፣ በኋላ ስመ ጥር የልብ ወለድ ደራሲ የሆነው፣ እሳቱን ከሚያጠፉት ጋር ሲሠራ ተጐዳ፤ ጕዳቱም ዘመኑን ሁሉ የሚያነሣው ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። ከወንድሞቹ ሁለቱ፣ ዊልኪንሰንና ሮበርትሰን፣ ዘመቱ። ዊልኪንሰን በጥቁር ወታደሮች በተቋቋመው በ54ኛው የማሳቹሴትስ ክፍለ ጦር መኰንን ሆኖ በሐምሌ 1863 በፎርት ዋግነር ክፉኛ ቈሰለ፤ ከጦርነቱ በኋላም ሙሉ ጤና ሳያገኝ በ1883 በ38 ዓመቱ ሞተ። ሮበርትሰን ከጦርነቱ በሕይወት ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ የቀረ ዘመኑን ከመጠጥ ጋር ሲታገል ኖረ።

ዊልያም ራሱ አልዘመተም። በ1861 ወደ ሃርቫርድ ገብቶ ኬሚስትሪ ተማረ፤ በ1864 ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ተዛወረ፤ በ1865 ደግሞ ከተፈጥሮ ተመራማሪው ከሉዊ አጋሲ ጋር ወደ ብራዚል ዘመተ። በዚያም ቀለል ያለ ፈንጣጣ ታሞ ዓይኑ ደከመ። በ1869 የሕክምና ዲግሪውን ተቀበለ፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ በሐኪምነት አልሠራም። ወንድሞቹ የእሳትና የጥይት ምልክት በሥጋቸው ሲሸከሙ፣ እርሱ ጀርባውን እያመመው፣ እንቅልፍ እያጣ፣ ፈቃዱም እየደከመ ሄደ።

በ1870 ገደማ የደረሰበት ነገር የአባቱን ያስታውሳል። አንድ ምሽት በጨለማ ወደ ልብስ ማስቀመጫው ክፍል ሲገባ ከየት መጣ የማይሉት ፍርሃት ያዘው። በዚያው ቅጽበት በአእምሮ ሕሙማን ቤት ያየው አንድ ወጣት ሕመምተኛ መልክ ወደ ልቡ መጣ፤ ያ ሰው ነፍስ እንደሌለው ሐውልት ቀኑን ሙሉ ጕልበቱን አቅፎ የሚቀመጥ ነበር። ጄምስም እኔም እንዲሁ ልሆን እችላለሁ የሚል ሐሳብ ወደቀበት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጧት ጧት በድንጋጤ ይነቃ፣ ብቻውን ወደ ጨለማ መግባትም ይፈራ ነበር። ይህን ታሪክ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ፈረንሳዊ ሰው ደብዳቤ አስመስሎ አገባው፤ የራሱ ታሪክ መሆኑ በይፋ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው።

በሚያዝያ 30 ቀን 1870 በማስታወሻ ደብተሩ የጻፈው ነገር የሕይወቱ መታጠፊያ ሆነ። የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የሻርል ረኑቪዬን ድርሰት አንብቦ ነበር። ረኑቪዬ ነፃ ፈቃድን ሲተረጕም፣ ሌላ ሐሳብ ማሰብ እየተቻለ አንድን ሐሳብ መርጦ በልብ ማቈየት ነው ይላል። ጄምስ ይህ ትርጕም ሐሰት ነው የሚያሰኝ ምክንያት አላገኘምና ለመጪው ዓመት እውነት እንደ ሆነ አድርጌ እይዘዋለሁ ብሎ ወሰነ። የነፃ ፈቃዱ የመጀመሪያ ሥራም በነፃ ፈቃድ ማመን እንዲሆን አደረገ። በዚህ ውሳኔ ውስጥ የኋለኛው ትምህርቱ ዘር አለ። ፈቃድ ማለት ጡንቻን ማዘዝ ሳይሆን ሐሳብን መያዝ፣ ማለትም ትኩረት፣ መሆኑን በዚያን ጊዜ በራሱ ላይ ሞከረው። ፈውሱ ግን በአንድ ሌሊት አልመጣም። ከዚያ ወዲህም ሕመሙ ደጋግሞ ተመልሶበታል።

ከ1873 ጀምሮ በሃርቫርድ ፊዚዮሎጂ አስተማረ፤ በ1875 ሥነ ልቡናን ማስተማርና ለማሳያ የምትሆን ትንሽ ቤተ ሙከራ መጠቀም ጀመረ። በ1878 አሊስ ሀው ጊበንስን አገባ። በዚያው ዓመት አንድ የሥነ ልቡና መማሪያ መጽሐፍ ለመጻፍ ከአሳታሚ ጋር ተዋዋለ፤ በሁለት ዓመት ሊጨርሰው ያሰበው ሥራም 12 ዓመት ፈጀ። በ1890 በሁለት ቅጽ የወጣው የሥነ ልቡና መሠረታውያን መጽሐፍ ከ1,300 ገጽ በላይ ነው።

ስለ ትኩረት የሚናገረው ምዕራፍ ለሙያ ባልደረቦች እስከ ዛሬ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በጄምስ አስተያየት ልምድ የሚባለው ነገር ሰው ልብ ያለው ነገር ነው፤ በዓይንና በጆሮ የሚያልፈው እልፍ ነገር ልብ ካልተባለ እንዳልነበረ ይቈጠራል። ትኩረት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳይፈልጉት የሚነጠቅ ነው፤ ብርቱ ድምፅ፣ ነበልባል ወይም ደም ዓይንን በግድ ይስባል። ሁለተኛው በፈቃድ የሚደረግ ሲሆን፣ ይህ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ሴኮንድ በላይ አይቈይም። ረጅም ትኩረት የሚመስለው ነገር በእርግጥ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ መመለስ ነው፤ ልብ ይሸፍታል፣ ይመለሳል፤ እንደገና ይሸፍታል፣ እንደገናም ይመለሳል። ስለዚህ የሸፈተን ሐሳብ ደጋግሞ የመመለስ ችሎታ የማስተዋልም፣ የጠባይም፣ የፈቃድም ሥር መሆኑን አስተማረ። ይህን ችሎታ የሚያዳብር ትምህርት ቢገኝ ከትምህርቶች ሁሉ በላጭ ይሆን ነበር። ነገር ግን እንዴት እንደሚሰጥ መመሪያ ማውጣት፣ ምንነቱን ከመናገር ይልቅ የሚከብድ መሆኑን አልሸሸገም።

ስለ ልማድ በጻፈው ምዕራፍ ደግሞ አንድ ተግባራዊ ምክር አለ። ሰው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ሌላ ምክንያት ሳይኖረው፣ ከባድ ስለ ሆነ ብቻ አንድ ትንሽ ነገር ቢሠራ የመጣር ችሎታው አይሞትም። ይህን የቤት ባለቤት ለቃጠሎ ከሚከፍለው የመድን ገንዘብ ጋር አመሳሰለው። ክፍያው በሚከፈልበት ቀን ምንም ጥቅም አይታይበትም፤ ምናልባትም ጨርሶ አይመለስ ይሆናል፤ እሳቱ ከመጣ ግን ሰውየውን ከጥፋት ያድነዋል። በአባቱ እግር የእሳትን ዋጋ ሲያይ ያደገ ሰው ይህን ምሳሌ መምረጡ የሚያስገርም አይደለም።

ድንጋጤ በአእምሮ ላይ ምልክት እንደሚተውም ያውቅ ነበር። አንዳንድ ነገር ስሜትን እጅግ ከማናወጡ የተነሣ በአንጐል ላይ ጠባሳ የሚተው ያህል መሆኑን በዚሁ በ1890 መጽሐፍ ጠቅሷል። በፈረንሳይ ፒየር ዣኔ፣ በቪዬና ብሮየርና ፍሮይድ ስለ አሰቃቂ ትዝታ ያደረጉትን ምርምር በ1894 ለአሜሪካ አንባቢዎች ካስተዋወቁት ቀደምት ሰዎችም አንዱ ነበር።

ትምህርቱ በእውነተኛ እሳት ፊት የቀረበው በ64 ዓመቱ ነው። በ1906 ለጥቂት ወራት ለማስተማር ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን ማለዳ ከ11 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ምድር ተናወጠች። የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች ፈራረሱ፤ በግቢው ሁለት ሰዎች ሞቱ። ጄምስ አልጋው ላይ ሆኖ የተሰማው ግን ፍርሃት ሳይሆን ደስታና አድናቆት ነበር። በዚያው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባው በሳን ፍራንሲስኮ ስላለች እኅቷ ተጨንቃ ስለ ነበር፣ አብሯት በቀኑ ወደ ከተማዪቱ በገባው አንድ ባቡር ተሳፍሮ ሄደ።

ከተማዪቱ በዚያ ሰዓት እየነደደች ነበር። የውኃው ቧንቧ በመናወጡ ተሰባብሮ ቱቦዎች ደረቁ። የእሳት አደጋ ጓድ አዛዥ የነበረው ዴኒስ ሳሊቫን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ፣ ከጐረቤት ሆቴል የተደረመሰ ግንብ ጣቢያውን መትቶት ክፉኛ ተጐዳ፤ ከአራት ቀን በኋላም ሞተ። ስለዚህ ሠራተኞቹ ያለ በቂ ውኃና ያለ ዋና አዛዣቸው ሦስት ቀን ያህል ከእሳቱ ጋር ተዋጉ። 28,000 ያህል ሕንፃ ጠፋ፤ ከ200,000 በላይ ሕዝብ ቤት አልባ ሆነ፤ የሞተው ሰው ቍጥር ከ3,000 በላይ እንደሚሆን በኋላ ዘመን ተገምቷል።

ጄምስ ለጥቂት ሰዓታት በጐዳና ሲዘዋወር ሁለት ነገር አስተዋለ፤ በዚያው ዓመትም ስለዚሁ ጽፎ አሳተመ። አንደኛው ማንም ሳያዝዝ ሥርዓት ከምስቅልቅሉ መካከል ፈጥኖ መነሣቱ ነው። ሁለተኛው የሕዝቡ ልብ መረጋጋት ነው። ሰዎች ዕቃቸውን እየጐተቱ በጸጥታ ይሄዱ ነበር፤ ለቅሶና ዋይታ ብዙም አልነበረም። ለዚህ የሰጠው ምክንያት ሁለት ነው፤ መከራው የሁሉ በመሆኑ ማንም ብቻውን አልተመታም፤ ሁሉም ደግሞ የሚሠራው ሥራ ነበረውና ልቡ ወደ እጁ ተመለሰ። ጭንቀቱ የሚከፋው ሥራ በሌለው፣ በሩቅ ሆኖ በሚሰማ ሰው ላይ መሆኑንም አስተዋለ።

ይህ ማስተዋል እውነት አለው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ጄምስ ያየው የመጀመሪያውን ቀን ነው። እሳት በሚነድበት ሰዓት ልብ በሥራ ተይዞ ይረጋጋል። ሕመሙ የሚመጣው ሥራው ሲያበቃ፣ ቱቦው ሲጠቀለል፣ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ መብራት ሲያጠፋ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ከነዋሪው የሚለየውም በዚህ ነው። ነዋሪው እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜው አንድ ጊዜ ያያል፤ ሠራተኛው ግን በየወሩ ያየዋል። የጐዳናው ጸጥታ ጤና መሆኑን ለማወቅ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ያሻል። ይህን የመሰለ ጥናት በዚያ ዘመን አልተለመደም።

ይሁን እንጂ ጄምስ የተረጋጋው ሰው ሁሉ ደህና ነው ብሎ አላረፈም። ክሊፎርድ ቢርስ የተባለ ወጣት በአእምሮ ሕሙማን ቤቶች ያሳለፈውን መከራ በ1908 ባሳተመ ጊዜ፣ ጄምስ ለመጽሐፉ መግቢያ የሚሆን ደብዳቤ ሰጠው። በ1909 የአእምሮ ጤና ጥበቃ ብሔራዊ ኮሚቴ ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። የአእምሮን ሕመም ከመከላከል ሐሳብ ጋር ያገናኘው እንቅስቃሴ የተነሣው ከዚህ ነው። በ1898 በአዲሮንዳክ ተራራ ሲወጣ የተጐዳው ልቡ እየደከመ ሄዶ፣ ነሐሴ 26 ቀን 1910 በኒው ሃምፕሺር፣ በቾኮሩዋ በሚገኘው የገጠር ቤቱ አረፈ። ዕድሜው 68 ነበር።

ለመስጠት ይከብዳል ያለውን ትምህርት ለመስጠት የሞከሩ ሰዎች የተነሡት ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቈይቶ ነው። በሚያሚ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ወታደሮችንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ትንፋሽን እየተከተሉ ሐሳብን መመለስ አስተማሩ። በ2020 በታተመው ጥናታቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ለአራት ሳምንት ትኩረትን፣ ሁለተኛው ሰውነትን ማዝናናት ሲለማመድ፣ ሦስተኛው ያለ ልምምድ ቈየ። በመከራ ጊዜ የመጽናት አቅም ይበልጥ ከፍ ያለው በመጀመሪያው ወገን ነበር። በእስራኤል ደግሞ ወታደሮች ከውጊያ በፊት በኮምፒዩተር ወደ አደጋ ምልክት ማተኰርን ተለማምደው፣ በ2014 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሕመሙ በእነርሱ ላይ አንሶ መገኘቱ በ2016 ተገልጿል። በዚያው በ2016 በታተመ ጥናት መሠረት፣ በምዕራብ አውስትራሊያ ለአዲስ የእሳት አደጋ ምልምሎች የተሰጠ ሌላ ዓይነት የመከላከያ ሥልጠና ግን ከአንድ ዓመት በኋላ ካልሠለጠኑት ጋር ልዩነት አላሳየም። ከአደጋው በኋላ ሰዎችን አንድ ጊዜ ሰብስቦ የደረሰባቸውን ማናገር ሕመሙን እንደማይከላከልም በ2002 የወጣ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ስለዚህ የትኩረት ልምምድ ተስፋ የሚጣልበት መንገድ ነው፤ ለሁሉ የሚሆን ክትባት ግን አይደለም።

በዚህ ነገር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አደጋ አለ። አእምሮን አስቀድሞ ማሠልጠን ይቻላል የሚለው ትምህርት፣ የታመመው ሠራተኛ አልተለማመደም፣ ፈቃዱ ደካማ ነው ወደሚል ፍርድ በቀላሉ ይለወጣል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ሌላ ቍስል ይሆናል። የጄምስ ሕይወት ይህን ፍርድ ያፈርሳል። ስለ ትኩረትና ስለ ፈቃድ ከእርሱ አብልጦ ያሰበና በራሱ ላይ የሞከረ ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም የመንፈስ ድካም እስከ ሽምግልናው ተመላልሶበታል። ልምምዱ ከመውደቅ ሁሉ አላዳነውም፤ ከወደቀ በኋላ መመለስን አስተማረው እንጂ። ትኩረት ራሱ መሸፈትና መመለስ ነው ካለው ትምህርቱ ጋርም ይህ ይስማማል።

ቤቱን ለእሳት መድን ያስገባ ሰው ጭስ ማውጫውን መጥረግ አይተውም። እንዲሁም ሠራተኞቹን ትኩረት ያስለመደ መሥሪያ ቤት የዕረፍት ሰዓታቸውን፣ የተራ አጠባበቁን፣ የበቃ መሣሪያ ማግኘታቸውንና ሲታመሙ ያለ ኀፍረት የሚታከሙበትን ቦታ ቸል ሊል አይገባውም። በሳን ፍራንሲስኮ የሠራተኛው ልብ አልጐደለም፤ የጐደለው በቧንቧው ውስጥ ውኃው ነበር። ሠራተኛውን በልምምድ ማዘጋጀት የሙያ ባልደረቦች ሥራ ነው፤ ውኃው እንዳይጐድል መጠበቅ ግን የሚልኩት ሰዎች ዕዳ ነው።